ዜሮ ብዬ የጻፍኩት

የልጅ ልጄን ፀጉር የላጨሁት እኔ ነኝ። ሲስተሯ «ተዉት እማማ፣ እኛ እንላጫታለን» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። የማላውቀው ምላጭ በዚያች ጭንቅላት ላይ አይሄድም። ውስጧ የተቀመጠው ጠላት መች አነሳት!

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሶቿ ተራርቀው ስለበቀሉ ፍንጭቴ እንላታለን፤ በመዝገብ ስሟ የሚጠሯት የትምህርት ቤቷ ዲሬክተርና የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ብቻ ናቸው። አባቷ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ይላል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል። እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ አስተማሪ ናት። ቀን ቀን ልጅቷን የምይዘው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በኋላ የሆነው ሁሉ በእኔ እጅ መሆኑ ከአሁኑ እንዲታወቅ ነው።

ሲጀምራት አንዱን ነገር ሁለት አድርጋ ታይ ነበር። «እምዬ፣ ዛሬ ሁለት ሆነሻል» አለችኝ። እኔም «ያ ስልክ ነው ዓይንሽን ያጠፋው» ብዬ ስልኩን ጨርቅ መደርደሪያው ላይ ደበቅኩት። ሳምንት ሙሉ ስልክ ደብቄ በሽታ የከለከልኩ መስሎኝ ተኛሁ። ከዚያ ስትራመድ ወደ ግራ ታዘነብል ጀመር። ከዚያ ውሃ ስትጠጣ ትን ይላት ጀመር። ዕጢው ያለው አንጎሏ ከአከርካሪዋ በሚገናኝበት ግንድ ላይ ነው አሉን። ትንፋሽም የልብ ምትም የሚታዘዘው ከዚያ ስለሆነ ቢላ አይነካውም። ጨረር ሰጧት። ሦስት ወር ዳነች ብለን ሠፈሩን ሁሉ አስቸገርን። በአራተኛው ወር ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነው ሐኪሟ አራተኛ ፎቅ ያለው ቢሮዋ የጠራችን። ከኋላዋ ያለው መስኮት ገርበብ ብሎ ብርድ ያስገባል። እሷ ስታወራ እኔ መስኮቱን ነበር የማየው፤ የልጅቷ አንገት ክፍት ነው።

«ዕጢውን የሚገድል መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም» አለች። «አለን። ችግሩ አይደርስም። በደምና በአንጎል መካከል ግድግዳ አለ።»

«የምን ግድግዳ?» አልኩ። ልጄ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። አስተማሪ ሆና ሳለች እናቷ ስትጠይቅ ታፍራለች።

ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም። «እማማ፣ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ስፌት። የተማሪ ዩኒፎርም። ሠላሳ ስምንት ዓመት።»

«እንግዲያው ከልጅዎ ቀድሞ ለእርስዎ ይገባዎታል» ብላ የነጭ ጋዋኗን ጠርዝ ገልብጣ አሳየችኝ። «ሌላው ገላችን ላይ ያለው የደም ስር ስፌቱ ሳሳ ያለ ነው፣ ያሳልፋል። የአንጎሉ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በደም የመጣ መርዝ እንዳይገባ። ታዲያ መድኃኒቱንም መርዝ ነህ እያለ ይመልሰዋል።»

የሰፋው ጥሩ አድርጎ ነው የሰፋው አልኩ በሆዴ። እኔም ብሆን አላሳልፍም ነበር።

«አሁን የምንሞክረው» አለች፣ «መድኃኒቱን ለዓይን በማይታይ ትንሽ የስብ ከረጢት ጠቅልለን፣ ከረጢቱ ላይ ዕጢውን ለይቶ የሚያውቅ ምልክት አድርገን መላክ ነው።»

«የጠፋ ሹራብ እንዲመለስ አንገትጌው ላይ እንደምንሰፋው የስም ጨርቅ?»

«ልክ እንደሱ። ግን ስም ይዞ ቢሄድም በሩ ካልተከፈተለት ከደጅ ይቀራል። ስለዚህ በድምፅ እንከፍትለታለን። በጆሮ የማይሰማ ድምፅ በራስ ቅሏ አሳልፈን፣ ዕጢው ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ስፌቱን ለጥቂት ሰዓት እናላላዋለን። ከዚያ ራሱ ተመልሶ ይጠብቃል።»

«ራሱ ይሰፋል?»

«ራሱ።»

«እንዲህ ያለ ጨርቅ በኛ ጊዜ ቢኖር ኖሮ ጦማችንን እናድር ነበር!» አልኩ። ሐኪሟ ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም፤ «ትድናለች?» ብላ ጠየቀች።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ከደነች። «ያን ቃል ከአፌ አታገኚውም። ይሄ ምርምር ነው። እስካሁን ለሦስት ልጆች አድርገናል፤ የሦስቱም ተከፍቷል። አንዷ ከጠበቅነው በላይ አምስት ወር ቆይታለች።»

አምስት ወር። በጣቴ ቆጠርኩ። ፍንጭቴ አሥር ዓመት ይሞላታል።

አንድ ነገር ግን አጥብቃ ነገረችን። ልጅቷ ለራስ ምታቷ የምትወስደው የእብጠት ኪኒን አለ፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለውን እብጠት ያጎድላል። ያ ኪኒን ስፌቱንም ያጠብቃል አለች። ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ቆይቶ፣ ከሕክምናው አሥር ቀን አስቀድሞ ጨርሶ መቆም አለበት። «ያማታል። ከባሰባት ደውሉልን፣ ቀኑን እናዘዋውራለን። በራሳችሁ ግን አንዲትም እንዳትሰጡ።» ከዚያ ቢጫ ወረቀቶች ሰጠችን። በየቀኑ የሚሞላ ሦስት ሣጥን አለው፤ ራስ ምታት ከዜሮ እስከ አሥር፣ ትውከት፣ የተሰጠ ኪኒን ብዛት። «ቀን ቀን አብረዋት ያሉት እማማ ናቸው፣ እሳቸው ይሙሉ» አለች። ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ጽሕፈቴ ከልጄ ይበልጣል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከቢሮው ስንወጣ አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ጋር ተቀምጧል። ልጅቷ ቢጫ ኮፍያ አድርጋለች፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። «እናንተ ናችሁ ከኛ በፊት ያላችሁት?» አለኝ። «እኛ ነን» አልኩ። «እንግዲህ አትቅሩ፣ ከቀራችሁም ንገሩን» ብሎ ሳቀ። ቀልዱ ነው። እኔ ግን ያቺ ሳቅ ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች።

እኔ እንደሆንኩ ፈሪ ነኝ። ልጅቷ ደረጃ ስትወርድ «ቀስ!»፣ ስታስነጥስ «ደረቷ ነው!»፣ ዝም ስትል «ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» የምል ሰው ነኝ። ልጄ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሳይደርስ ታለቅሺለታለሽ» ትለኛለች። የፈሩት ይደርሳል ነው እንጂ፣ ማን ሳይፈራ ቀረለት?

ኪኒኑ ከቆመ በኋላ አምስት ቀን ደህና ሄደ። ሦስት፣ አራት፣ ሦስት እያልኩ ጻፍኩ። በስድስተኛው ቀን ሰኞ ሰባት ሆነ። ማክሰኞ እናቷ ለሥራ እንደወጣች ልጅቷ ትራሱን መንከስ ጀመረች። መጋረጃውን ዘጋሁ። ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ አደረግኩላት። ፎጣው ራሱ ከበዳት።

«እምዬ፣ አውጪልኝ» አለች።

«ምኑን ልጄ?»

«ጭንቅላቴን።»

ወረቀቱን አነሳሁ። ምን ላድርግ፣ እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው። «ስንት ልበል?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ እኮ የለውም፣ አሥር ላይ ያቆማል።»

«አለ» አለች ዓይኗን ጨፍና። «እኔ ጋ አለ።»

ስልኩን አነሳሁ። ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አምስተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ ሽማግሌው ታየኝ። ቀን እናዘዋውራለን ነው ያለችው ሐኪሟ። ማዘዋወር ማለት ወረፋ ማጣት ነው፤ ሕይወቴን ሙሉ ወረፋ ይዤ ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። እኛ ወጥተን ባለ ቢጫ ኮፍያዋ ትገባለች፤ ተራችን ሲመለስ ደግሞ ልጅቷ ትኖራለች ያለው ማነው? ስልኩን አስቀመጥኩ።

ከስፌት ማሽኔ ሥር የቁልፍ ቆርቆሮ አለኝ። ለክፉ ቀን የሚሆን ሁሉ እዚያ ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ፣ መርፌ፣ የተረፈ ዚፕ። ከጨረሩ ጊዜ የተረፈች አንዲት የእብጠት ኪኒን ቅጠልም ነበረች። ስድስት ፍሬ ታሽጎባታል። ልጄ «የተረፈውን ለሆስፒታሉ መልሺ» ብላኝ መልሻለሁ ብያት ነበር። የሚረዳ ነገር መመለስ እጄ አያውቅም።

ሁለት ሰጠኋት። ገና ሦስት ቀን አለ፣ እስከዚያ ይወጣላታል አልኩ። ጨርቅ እንኳ ታጥቦ በሁለት ቀን ይደርቃል። እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ ጭንቅላቴ ይህን ያህል ነው።

ከቀትር በኋላ መጋረጃውን ክፈቺ አለች። ቀጥላ እንቁላል አማራት። ዳቦ ላይ አድርጌ ስሰጣት በሁለት እጇ ይዛ በላች። «ስንት ነው አሁን?» ስላት «ሁለት» አለች። ራስ ምታት በሚለው ሣጥን ሁለት ጻፍኩ። እውነት ነው፣ ሁለት ነበር። የተሰጠ ኪኒን በሚለው ዜሮ ጻፍኩ። ዜሮዋ ክብ ብላ አማረች።

«ለእማሽ እንዳትነግሪ» አልኳት።

ዓይኗ በራ። «ምስጢር ነው?»

«ምስጢር ነው።»

«ለሐኪሟስ?»

«ለማንም።»

ልጄ ከሥራ ስትገባ ልጅቷ ትራስ ተደግፋ የእንቁላል ቅሪት ከሳህን በጣቷ ትለቅማለች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች። «ያለ ኪኒን ነው እንዲህ የሆነችው?» አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እግዜር ነው» አልኩ። እግዜርን ለሐሰት ምስክርነት ቆጠርኩት።

ረቡዕ ሕመሙ ሲመለስባት ሁለት ሰጠኋት፣ ሐሙስም ሁለት። ቅጠሉ ባዶ ሆነ። ሦስት ዜሮ ጻፍኩ።

ዓርብ ጠዋት ፀጉሯን ላጨኋት። ድምፁን የሚልከው ማሽን ያለበት ክፍል ወለሉ ያንፀባርቃል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ካልሲ ድርብ አድርጌላታለሁ። ማሽኑ ከላይ የተደፋ ትልቅ ቆብ ነው፣ ውስጡ ውሃ አለበት። ፍንጭቴ አየት አድርጋው «እምዬ፣ ፀጉሬን ላጭተሽ ስታበቂ ካስክ ውስጥ ልታስገቢኝ ነው? ፀጉር ቤት እንዲህ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለች። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ሳቁ አመለጠው። «ደንበኛችን ነሽ፣ ቅናሽ አለሽ» አላት። «ከምኑ ላይ ነው የምትቀንሰው? መላጣ ነኝ እኮ!» አለችው።

እኔና ልጄ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀመጥን። ሦስት ሰዓት ሙሉ። የምትታየኝ የእግሯ ጣት ብቻ ናት፤ በየጊዜው ትንቀሳቀሳለች፣ ስትንቀሳቀስ እኔም እተነፍሳለሁ። መድኃኒቱ ከላይ ከተሰቀለው ከረጢት ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። የስም ጨርቁን ሰፍተው የላኩት እንግዳ፣ አልኩ፤ እንግዲህ ቤቱን ያግኝ። ልጄ እጄን ያዘች። ከሠርጓ ቀን ወዲህ እንዲያ ይዛኝ አታውቅም።

ሲያበቃ ቀለም ወግተው ፎቶ አነሷት። ስፌቱ የላላ እንደሆነ ቀለሙ አልፎ በፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይበራል፤ ይህን አስቀድመው ነግረውናል። ሐኪሟ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ባለሙያው ከኋላዋ ቆመ። ወደፊት አደረገችው፣ ወደኋላ መለሰችው። እኔም በጎን አየሁ። ጥቁር ነው። የትም አልበራም።

«አልተከፈተም» አለች።

ልጄ «ምን ማለት ነው?» አለች፣ ሰምታ ሳለ።

«መድኃኒቱ ደርሷል፣ ግን ከደጅ ነው የቀረው። ያላለፈበት ምክንያት አልገባኝም።» ዞር አለች። «የእብጠቱ ኪኒን አልተሰጣትም አይደል?»

«በፍጹም!» አለች ልጄ። «እናቴ በየቀኑ ጽፋለች፣ እዩት።»

ቢጫው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው። ሐኪሟ አየችኝ። እኔ ዜሮዎቹን አየሁ። ያን ጊዜ በተሽከርካሪ አልጋ ከወዲያ ክፍል ያመጧት ፍንጭቴ ቀና አለች። «አልወሰድኩም» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። እኔን አየት አድርጋ ፈገግ አለች፤ ፍንጭቷ ታየች። ውሸቷን ለእኔ እንደ ስጦታ ሰጠችኝ።

እኔም ተቀበልኩ።

ሁለት ሳምንት ምንም አልተናገርኩም። ሐኪሟ ደግመን እንሞክራለን ስላለች፣ ለሁለተኛው ሙከራ አንዲትም አልሰጥም፣ ምስጢሩም ከእኔ ጋር ይቀበር ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ልጅቷ ግን አልጠበቀችንም። ግራ እጇ ማንኪያ መያዝ አቆመ፤ ቃሏ ይጎተት ጀመር። ለምርመራ ስንሄድ አግዳሚው ላይ ሽማግሌውና ባለ ቢጫ ኮፍያዋ አሉ። ተራቸው በማግስቱ ነው። ሽማግሌው ኮፍያዋን ያስተካክላል፣ እሷ ታጣምመዋለች፣ ያስተካክላል። «ይቺን ልጅ አንድ በይልኝ!» አለኝ። «ኮፍያዋን ካላጣመመች ያመማት ይመስላታል።»

ሐኪሟ ከቢሮዋ ወጥታ ልጄን በቆመችበት አናገረቻት። ሁለተኛው ሙከራ እንደሚያጠራጥር ነገረቻት። ቀጥላ «ከእሷ ግን ትምህርት አግኝተናል» አለች፣ ማጽናናቷ ነው። «የተለመደው ጉልበት እንደማይበቃ አይተናል። ከነገ ጀምሮ ለሚመጡት ልጆች የድምፁን ጉልበት ከፍ እናደርጋለን።»

«ከፍ ካለ ምን ይመጣል?» አልኩ።

«ስፌቱ በደንብ ይላላል ብለን ነው እማማ።»

«ሊቀደድስ አይችልም?»

«ይችላል። ሊደማ ይችላል። ለነገዋ ልጅ ቤተሰቦች ነግረናል።»

ሽማግሌው ኮፍያውን ያስተካክላል። ልጅቷ ታጣምማለች።

ለገዛ ልጄ ያልተከፈተ አፌ ለሰው ልጅ ተከፈተ። «ስድስት ሰጥቻታለሁ» አልኩ። «ኪኒኑን። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሁለት ሁለት። ማሽናችሁ ምንም አላጠፋም።»

ሐኪሟ ቢሮ አስገባችን። ስንት ሰዓት ላይ፣ ስንት ሚሊግራም፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ፣ እያለች ጻፈች፤ ስልኩን አንስቼ አምስተኛው ቁጥር ላይ እንደተውኩትም ነገርኳት። ብትቆጣኝ በተሻለኝ። ልጄ ገርበብ ወዳለው መስኮት ፊቷን አዙራ ቆማለች፤ ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው።

«ባልሰጣት ኖሮ ይከፈት ነበር?» አልኩ።

«አላውቅም እማማ።»

«ቢከፈትስ ትድን ነበር?»

«እሱንም አላውቅም።»

አዲሱን ፎቶ አሳየችን። ዕጢው አድጓል። አሁን ያለ ኪኒኑ መዋል እንደማትችል፣ ኪኒኑ እያለ ደግሞ ማሽኑ እንደማይሠራ፣ ወረቀቱም በሐሰት ስለተሞላ ከምርምሩ እንደወጣች ነገረችን። ከሦስቱ አንዱ ብቻ በበቃ ነበር። የእብጠቱን ኪኒን በራሷ እጅ ጽፋ ሰጠችን፤ በቀን አራት።

ባለ ቢጫ ኮፍያዋ በድሮው ጉልበት ተደረገላት። ሽማግሌውን በሌላ ቀን መድኃኒት ቤት አገኘሁት። «በራ!» አለኝ፣ «ፎቶው ላይ እንደ አምፑል በራ!» እሰይ አልኩት። ደስ ብሎኛል ብል ዋሸሁ። ልጅቷ ግን ደህና ትሁን፤ ምን አደረገችኝ።

ልጄ አራት ቀን አላናገረችኝም። «በሩን ዝጊው»፣ «ውሃው ፈልቷል»፣ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣትም። ኪኒኑን እሷ ልትሰጥ ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። ከመኝታ ቤቱ ስትለምናት እሰማለሁ፤ «ዋጪ እሺ የኔ ቆንጆ፣ አንዴ ብቻ።» ልጅቷ ጥርሷን ገጥማ እምቢ። ጉሮሮዋ ደክሟል፣ ትን ይላታል፣ ትፈራለች።

በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ልጄ ወደ ስፌት ክፍሌ ገባች። የኪኒኑን ቅጠል ማሽኑ ላይ አስቀመጠች።

«ሁለት ጠዋት፣ ሁለት ከሰዓት» አለች። «ካንቺ እጅ ካልሆነ አልውጥም ብላለች።»

ቅጠሉን አነሳሁ። እሷ ግን አልወጣችም። ጣቷ የማሽኑን መንኮራኩር ይዞ ወዲያና ወዲህ ያደርጋል፤ ሕፃን ሆና እንዲህ ታደርግ ነበር፣ ጣትሽን ትቆርጫለሽ ብዬ እጮህባት ነበር።

«እማዬ» አለች። «አምስት ቁጥር ደውለሽ ነበር አልሽ።»

«አምስት።»

«ስንት ቀርቶሽ ነበር?»

ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግድግዳው ላይ ነው። ወጣች።

ኪኒኑን በማንኪያ ጀርባ ፈጭቼ በጠብታ ውሃ አሟሙቼ በጉንጯ በኩል እሰጣታለሁ። ትውጣለች። ቢጫዎቹ ወረቀቶች ተርፈዋል፤ የሚሰበስባቸው የለም፤ እኔ ግን በየቀኑ እሞላለሁ። ዛሬም ከሰዓት ሰጥቻት ካበቃሁ በኋላ ወረቀቱን አንስቼ «ስንት ልበል?» አልኳት።

ደህናውን እጇን አውጥታ ሁለት ጣት አሳየችኝ። ከዚያ ጠጋ በይ አለችኝ በዓይኗ። ጆሮዬን አፏ ላይ አደረግኩ። ቃሉ እስኪወጣላት ብዙ ቆየሁ።

«ለሐኪሟ... አልነገርኩም እኮ» አለች።

«ጎበዝ» አልኳት።

የተሰጠ ኪኒን በሚለው ሣጥን አራት ብዬ ጻፍኩ።